የምንጭ በሩ ቀያሽ አሟሟት

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ጀማነሽ ደቻሳ ምንጭ በር ስትደርስ፣ አቶ ገብረጻድቃን ከቤታቸው ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተኝተው ነበር። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸውንም ተላጭተዋል። ማጅራታቸው ከመጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ድንጋዩ ላይ ደርቋል።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ ቁልቁል አየና፣ ትናንት ዘንቧል፣ አዳልጧቸው ነው የወደቁት አለ። ጀማነሽ ወደ ሬሳው ቀረበች። ተንበርክካ እግራቸውን ታይ ነበር። ጫማቸው ወልቆ፣ ግራና ቀኙ ተስተካክሎ ከጎናቸው ተቀምጧል። የሁለቱ እግሮቻቸው አውራ ጣቶች በሲባጎ አንድ ላይ ታስረዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣምረዋል።

«ወድቀው ሊሆን ይችላል» አለች በመጨረሻ። «ግን ብቻቸውን አልሞቱም። እንደ ወጉ አድርጎ ያስተኛቸው ሰው አለ።»

ልብሳቸውን ዳሰሰች። ሱሪያቸው ከጉልበት በታች ረጥቦ ጭቃ ይዟል። ኮታቸው፣ ሸሚዛቸውና ፀጉራቸው ግን ደረቅ ነው። ረቡዕ ማታ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ ዐርባ ደቂቃ ያህል ካዛንቺስን ሁሉ ያጠበ ዝናብ ጥሏል፤ ጓሮው ደግሞ ጣራ የለውም። ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ለማንም ሳትናገር ተነሣች።

ምንጭ በር ካዛንቺስ ካዛንቺስ ሳይባል የነበረ መንደር ነው። በአንዲት ምንጭ ዙሪያ የተሠሩ አሥራ አራት የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው በጎርባጣ ድንጋይ የተነጠፈች መኪና የማታስገባ መንገድ አለች። ከተማው አድጎ ዙሪያውን ሲከበው መንደሩ እንደነበረ ቆየ። አሁን ግን አዲሱ ፕላን ደርሶበታል። በፕላኑ መሠረት መንገዷና ሦስቱ ቤቶች ተጠርገውና ተቀብተው በመናፈሻ መካከል ለጎብኚ ይቀመጣሉ፤ የቀረው ፈርሶ በቦታው ሕንፃ ይቆማል። ድንጋዩ ይቀራል፣ ሰዉ ይሄዳል ማለት ነው። ከአሥራ አራቱ ቤተሰብ አሥራ አንዱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ረቡዕ ዕለት በመንደሩ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አቶ ገብረጻድቃን፣ ከፊት ለፊታቸው የምትኖረው ወይዘሮ ወርቄ ቢቂላና ከመንገዷ ጫፍ ላይ ያለው መካኒኩ ሃድጉ።

ጀማነሽ የቂርቆስ ልጅ ናት። ያደገችበት ቤት ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እናቷም አዲሱ ቤት በገቡ በስምንተኛው ወር ዐርፈዋል። ስለዚህ በየግድግዳው በቀይ ቀለም የተጻፈውን የማፍረሻ ቁጥር ላለማየት መሬት መሬቱን እያየች ነበር የምትሄደው። በጓሮው ያሉትን ችካሎች ያየችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችካሎቹ አራት ናቸው። ከወይራው ሥር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር የማይሞላ ቦታ ከበው ተተክለዋል። በሦስቱ ጎን ሲባጎ ተወጥሯል። በአራተኛው ጎን ግን የለም፤ ከችካሉ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። የሟቹ ጣት የታሰረው በዚያ ሲባጎ መሆኑን ለማወቅ ጎን ለጎን ማስተያየት እንኳ አላስፈለጋትም።

ሬሳውን ያገኘው ሃድጉ ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ አለው፤ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ብቻውን ይኖራል። ደረጃው አናት ላይ ቁጭ ብሎ ቆቡን በእጁ ያሽከረክር ነበር። ጀማነሽ ሳትጠይቀው፣ እሑድ ዕለት በእድሩ ስብሰባ ላይ ከሟቹ ጋር መጣላቱን ነገራት። ገብረጻድቃን በማዘጋጃ ቤት ቀያሽነት ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ናቸው። የመንደሩን ካርታ በእጃቸው ነድፈው፣ በየቤቱ ማን እንደኖረ ጽፈው ለፕላኑ ቢሮ ሰጡ። ሃድጉ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መንደሩን አንተ ነህ የሸጥከው አላቸው።

«ማክሰኞ ማታ ደወለልኝ» አለ ሃድጉ። «ይቅርታ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን፣ ‹ነገ አንድ ሸክም አወርዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥላቻህን እችለዋለሁ› አለኝ። ዛሬ በጠዋት የመጣሁት ልታረቀው ነው።»

«ምን ሸክም?»

«አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።»

ትናንት የት እንደነበረ ጠየቀችው። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሲያወርድ እንደነበረ፣ አራት ሠራተኞችም አብረውት እንደነበሩ ተናገረ። በኋላ ሲጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ጀማነሽ ወደ ቤቱ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ካርታው ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ቤት በቀጭን መስመር ተነድፎ በውስጡ የኖሩት ሰዎች ስም ሰፍሯል። የሄደ ሰው ስም አጠገብ የሄደበት ስፍራ፣ የሞተ ሰው ስም አጠገብ መስቀልና ዓመተ ምሕረት አለ። ሁሉም የተጻፈው በጥቁር ቀለም ነው። በወይዘሮ ወርቄ ቤት ውስጥ ግን፣ ‹ለታ ቢቂላ› ከሚለው ስም ጎን አንድ መስቀልና ‹1970› የሚል ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጨምሯል። እስክሪብቶው ክዳኑ ተነቅሎ እዚያው ተቀምጧል።

መንገዱን ተሻግራ የወይዘሮ ወርቄን በር አንኳኳች። ከውስጥ መወርወሪያ ሲሳብ ተሰማ፤ ለመክፈትም ጊዜ ወሰደ። ወርቄ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስድሳ ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ቤቷ ውስጥ ሁለት አልጋዎች ተነጥፈዋል፤ በአንደኛው ላይ ማንም ተኝቶበት እንደማያውቅ ከአነጣጠፉ ያስታውቃል። በግድግዳው ገመድ ላይ ከባድ ጋቢ ተሰጥቷል፤ ጫፉ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል።

ጀማነሽ ስለ ጋቢው ጠየቀቻት።

«አጥር ላይ ረስቼው ትናንት ዘነበበት» አለች ወርቄ።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በዚያ ዝናብ የት እሄዳለሁ?»

«አቶ ገብረጻድቃንን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«እሑድ። በእድሩ ስብሰባ ላይ።»

ስለ ለታ ስትጠይቃት፣ ታላቅ ወንድሟ እንደሆነ፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት ወጥቶ እንዳልተመለሰ ብቻ ተናገረች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ጀማነሽ በሥራዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ እንደዚህች ሴት በአንድ ሌሊት ውስጧ ባዶ የቀረ ሰው ግን ማየቷን አታስታውስም። ለጎረቤት ሞት ይህ በዛ ብላ አሰበች፤ ግን በሐሳቡ ወዲያው አልገፋችበትም።

ከቀትር በኋላ የሟቹ የወንድም ልጅ መርሃዊት ከኦሎምፒያ መጣች። በአንድ ቢሮ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች፤ ዓይኗ አብጧል። አጎቷ አብሯት እንዲኖር ስትለምነው ወራት ማለፋቸውን፣ ሁልጊዜም እንቢ ማለቱን ነገረቻት። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት መጥታ እስከ አሥር ሰዓት አብራው ቆይታለች።

«ሱፉን ለብሶ፣ ተላጭቶ አገኘሁት» አለች። «ሠርግ አለብህ እንዴ ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ‹ሰው ላናግር ነው› አለኝ። ማለቴ፣ ፈርቶ ነበር። አጎቴን ፈርቶ አይቼው አላውቅም።»

«ስትወጪ መንደሩ ውስጥ ማን ነበር?»

«እትዬ ወርቄ ብቻ። በሯ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰላም ብያት ሄድኩ።»

«እንደ ሁልጊዜው ማለት?»

መርሃዊት ጥያቄው ገረማት። የምንጭ በር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው የተጠየቀችው። የወርቄ በር ቀን ቀን ክፍት ነው፤ ማታ ይገርበባል እንጂ አይቆለፍም። እናትየዋ ሲሞቱ፣ ልጄ ሲመጣ በሩ ተቆልፎ እንዳያገኘው ብለው አስምለዋታል። ወርቄ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ጎረቤት ታስቀምጣለች። ሃድጉ በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋት፣ ሁለቱንም ጊዜ ለታ ይምጣና ብላ መልሳዋለች። ዐርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ደጃፍ አልራቀችም።

ጀማነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጠዋት መወርወሪያው ሲሳብ የሰማችው ድምፅ ትዝ አላት።

የማፍረሱንና የግንባታውን ሥራ የሚመራውን መሐንዲስ ዲሪባን ያገኘችው በሥራው ቦታ ቢሮ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አይሞላውም። ረቡዕ ማታ መኪናው ከመንደሩ አፍ ላይ ቆማ ስለታየች የአካባቢው ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ጣቱን ቀስሮ ነበር፤ እሱም ይህን ሰምቶ ተረብሿል። ኤክስካቫተሩ ሐሙስ ጠዋት የአቶ ገብረጻድቃንን ጓሮ መቆፈር ነበረበት። ሽማግሌው አንድ ቀን ጨምርልኝ ብለው ለምነውት ነበር።

«መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ሜትር እንደምንቆፍር ነው» አለ። «ሁለት ሜትር አልኳቸው። ቀያሽ ስለሆኑ፣ በቃ፣ ሙያው ይዟቸው ነው የጠየቁት ብዬ ነበር።»

«ትናንት ማታ ለምን ሄድክ?»

«አንዱን ቀን ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ያንን ልነግራቸው። አሥራ አንድ ተኩል ገደማ በራቸውን ደጋግሜ አንኳኳሁ፣ የሚመልስ ጠፋ። ዝናቡ ሲመጣ ወደ ወይዘሮ ወርቄ ቤት ሮጥኩ፣ ልጠለል ብዬ። እሱም በጓጉንቸር ተቆልፏል። ከዚያ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።»

«በጓጉንቸር? ከውጭ?»

«አዎ፣ ከውጭ። ያ በሩ ላይ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ የሚታየው አሮጌ ቁልፍ።»

ዲሪባ አንድ ነገር አከለ። ሦስት ወር ሙሉ አልፈርምም ስትል የቆየችው ወርቄ ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውላ፣ የሰጣችሁኝ ቤት ይሁን፣ የትም ይሁን፣ እፈርማለሁ ብላዋለች። ሃድጉ ሬሳውን ያገኘው ደግሞ በአንድ ሰዓት ነው። ጀማነሽ ሽማግሌው ከሦስት ሳምንት በፊት ለቢሮው የሰጡትን ካርታ እንዲያሳያት ጠየቀችው። የወርቄን ቤት በጣቷ ፈለገች። በዚህኛው ላይ ከለታ ስም አጠገብ ምንም የለም።

ማታውን ሐኪሙ ደወለላት። አቶ ገብረጻድቃን ከወደቁ በኋላ ወዲያው እንዳልሞቱ፣ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት እንደቆዩ ነገራት። በጊዜ ሐኪም ቤት ቢደርሱ ኖሮ ይተርፉ እንደሆነ ጠየቀችው። ምናልባት አለ። ጀማነሽ ስልኩን ዘጋች። እንቆቅልሹ ተፈትቶላት ነበር፤ ደስ ግን አላላትም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራቱን በሟቹ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሃድጉና መርሃዊት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ዲሪባ ቆሞ ቀረ፤ ወርቄ ወይራው ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች። ከውጭ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ይሰማል። ሁለት ቆፋሪዎች አጥሩ ጥግ ቆመው ይጠብቃሉ።

ጀማነሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አቶ ገብረጻድቃንን ለመግደል አስቦ የመጣ ሰው የለም» አለች። «ይህን መጀመሪያ ልናገር። ግን ሲሞቱ አጠገባቸው የነበረ ሰው አለ። እግራቸው ረጥቦ፣ ከወገባቸው በላይ ደረቅ ሆነው ነው ያገኘናቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አንድ ሰው ራሳቸውን ሸፍኖ ተቀምጧል። የሚጠላቸው ሰው ይህን አያደርግም። ስለዚህ እሑድ የተጣላቸውንም፣ ቤታቸውን የሚያፈርሰውንም ትቼ የሚወዳቸውን ፈለግሁ።»

ቀጥላ ወደ ችካሎቹ ጠቆመች። ዲሪባን፣ እነዚህ ያንተ ናቸው ወይ አለችው። እሱም አይደሉም አለ፤ የቢሮው ችካል ጫፉ ቀይ ነው፣ የሚተከለውም በመንገዱ አቅጣጫ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው።

«እነዚህ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የተተከሉት» አለች። «ልካቸው የሰው ልክ ነው። ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ይሆናል። አቶ ገብረጻድቃን ቦታውን የለኩት ኤክስካቫተሩ ከመድረሱ በፊት በክብር እንዲወጣ ፈልገው ነው። ስንት ሜትር እንደሚቆፈር የጠየቁትም ለዚሁ ነው። እዚህ ሥር ሰው አለ።»

መርሃዊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሃድጉ ካርታው ላይ የተጨመረውን መስቀል ጀማነሽ ስታሳየው አንድ ጊዜ አየና ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። ከሦስት ሳምንት በፊት ያልነበረ መስቀል ነው፤ ሽማግሌው እውነቱን ለመናገር የቆረጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ማውረድ የፈለጉት ሸክም ይህ ነው። ሱፍ ለብሰው፣ ተላጭተው መርዶ ሊነግሩ ነበር የሄዱት።

«ለማን እንደነገሩ ደግሞ በሩ ነገረኝ» አለች ጀማነሽ። «በአሥር ሰዓት መርሃዊት ስታልፍ በሩ ክፍት ነው። በአሥራ አንድ ተኩል ዲሪባ ሲደርስ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ከውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው አይኖርም። ወይዘሮ ወርቄ፣ እርስዎ ቤት ነበርኩ አሉኝ፤ አልነበሩም። ጋቢው የረጠበው አጥር ላይ አይደለም። ግን እኔን ያሳመነኝ ውሸቱ አይደለም። ዐርባ ሰባት ዓመት ያልተቆለፈ በር የሚቆለፈው የሚጠበቀው ሰው እንደማይመጣ ሲታወቅ ነው። ያንን ሊነግርዎ የሚችል ደግሞ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ወርቄ ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገፋ አደረገች። ለመካድ አልሞከረችም። ለረጅም ጊዜ ስታጠናው የቆየችውን እንደምታነብ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ገብረጻድቃን ቤቷ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ነገራት። ለታን ያገኘው በቀይ ሽብር ተገድሎ አንድ ድልድይ አጠገብ ወድቆ ነው። የዚያን ጊዜ ሬሳ ማንሣትም ማልቀስም ክልክል ነበር። ሊነጋጋ ሲል ተሸክሞ አምጥቶ እዚህ ቀበረው። የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ለታ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ። እናቷ በሽተኛ ስለነበሩ እስኪሻላቸው ልጠብቅ አለ። እሳቸው ደግሞ የተሻላቸው ልጄ ይመጣል በሚለው ተስፋ ነው። ከዚያ በኋላ አፉን መክፈቻ ቀን አጣ።

«በሩን የቆለፍኩት ሳላስበው ነው» አለች ወርቄ። «ወዴት አለ አልኩት፤ ና አሳየኝ አልኩት። ስወጣ እጄ ራሱ ቆለፈው። እዚህ ደረጃው ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ፣ ይቅር በይኝ አለኝ። እናቴ እንዳትሞት ነው ዝም ያልከው፤ እሺ። እናቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ እኔንስ ለምን አስቀመጥከኝ አልኩት። እጄን ሊለቅ አልቻለም። ገፈተርኩት።»

ሃድጉ ራሱን ደፋ።

«እንዲወድቅ ፈልጌ አይደለም። ከእኔ እንዲርቅ ነው። ወርጄ ራሱን ከፍ ላደርግ ሞከርኩ። ነፍስ ነበረው።» ቀና ብላ መሐንዲሱን አየችው። «ዲሪባ ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ።»

መሐንዲሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። መኪናው ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም ነበር።

«ለምን አልከፈቱለትም?» አለች ጀማነሽ።

«ዐርባ ሰባት ዓመት ዝም አለኝ። እኔም አንድ ሰዓት ዝም አልኩት።» እጆቿን አየች። «ዝናቡ ሲጀምር ዓይኑን ገለጠ። ‹ወርቄ፣ ዝናቡ እንዳይመታሽ፣ ግቢ› አለኝ። ያን ጊዜ ጮኼ ሰው ልጠራ ተነሣሁ፤ ዲሪባ ሄዷል። ጋቢዬን ከላዩ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ሳያባራ ዐረፈ። ሲባጎውን ቆርጬ እንደ ወጉ አደረግሁት። እሱም ለወንድሜ ያንኑ አድርጎለት ይሆናል ብዬ።»

መርሃዊት ከአግዳሚው ተነሥታ ወደ ወርቄ ሄደች። ጀማነሽ ልትመታት ነው ብላ አንድ እርምጃ ተጠጋች፤ ልጅቱ ግን ከፊቷ ደርሳ ቆማ ቀረች፣ ከዚያ ከግቢው ወጣች። ሃድጉ ቆፋሪዎቹን ወደ አጥንቱ ሲቃረቡ በአካፋ ሳይሆን በእጅ እንዲያወጡት ለመናቸው፤ ራሱም ከጎናቸው ተንበረከከ። ቀትር ሳይሆን ከአንድ ሜትር ተኩል በታች በተልባ እግር ሸማ የተጠቀለለ አጥንት አገኙ። ሸማው በስብሶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ከለታ አውራ ጣቶች አጠገብ የማሰሪያ ቁራጭ ነበር።

ቀብሩ እሑድ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የሁለቱም በአንድ ቀን። ጀማነሽ አለቆቿን ሁለት ቀን ለምና ወርቄ በፖሊስ ታጅባ እንድትገኝ አስፈቀደች። ከየኮንዶሚኒየሙ፣ ከከተማው ዳር ዳር ሁሉ የምንጭ በር ሰው መጥቷል። ከተበተኑ ወዲህ ሙሉ ሆነው ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቆመው ማን የት እንደደረሰ ይጠያየቁ ነበር፤ የፖሊሷን መኪና ሲያዩ ሁሉም ወደዚያ ዞሩ።

ወርቄ ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮቱ ሁለቱን ሣጥኖች አየች። አንደኛው ረጅም ነው፤ ሁለተኛው የሕፃን የሚመስል ትንሽ ሣጥን ነው፣ ለአጥንት ስለሚበቃ።

«ልጄ» አለች ወደ ጀማነሽ ዞራ። «ለለታ አልቅሼ አላውቅም። ካለቀስኩለት ይሞትብኛል ብዬ። ጋሼ ገብረጻድቃን ደግሞ በእጄ ነው የሞተው። በማን ልጀምር?»

ጀማነሽ ቀድማ ከመኪናው ወረደች። በሩን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ አወረደቻት።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሴቶቹ ሙሾውን ሳይጀምሩ እሷን ይጠብቃሉ። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ደርሳ ቆመች፤ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ሃድጉ ከወንዶቹ ወገን ወጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ከዚያ «ለታ» አለች፣ ልጅ ከደጅ እንደሚጠራ ሰው። ሁለተኛ «ለታ» ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛውን ስትል ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ጥቂት ቆይቶ «ጋሼ» የሚለውም ገባበት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስሞች ተቀላቅለው የማንን ሞት እንደምታለቅስ መለየት አቃተ። መርሃዊት ከሕዝቡ መካከል ወጥታ፣ በመጨረሻ፣ የወርቄን ክንድ ያዘች።